ቡዳና ቡድሃ የተምታቱበት ሀንድአውት፦ በድሬዳዋ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሸጠው የእምነት ጥናት ጥራዝ ሲመዘን

በድሬዳዋ፣ ከዚራና ሳቢያን ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ከሎጂክና ከጂኦግራፊ ሞጁሎች ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ የአዘጋጅ ስም የሌለው ሀንድአውት አለ። 74 ገጽ ነው፤ በስፓይራል ከተጠረዘ 220 ብር፣ በስቴፕለር ብቻ ከተያዘ 190 ብር። ገዢዎቹ በአብዛኛው ሶሻል አንትሮፖሎጂ የሚወስዱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ ሐረር ላይ ለአስጎብኚነት የሚዘጋጁ ወጣቶችም ይጠቀሙበታል። ካሉት አራት ምዕራፎች አንደኛውና አራተኛው ከየትኛውም ሞጁል የሚገኝ መግቢያና የቃላት መፍቻ ናቸው። ጥራዙን የሚያስገዙት ሁለቱ መካከለኞች ናቸው። ሁለተኛው ምዕራፍ በሂንዱና በቡድሃ እምነት ሰው ከሞተ በኋላ ተመልሶ ይወለዳል ስለሚለው ትምህርት ይናገራል። ሦስተኛው ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ ጥፋቱ እንዴት በአናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ላይ እንደሚላከክ ያሳያል።

ፍርዱ ይቅደም፦ ግዙት፣ ግን ቀይ ስክሪፕቶ ይዛችሁ አንብቡት። በነዚህ መደርደሪያዎች ላይ ሁለቱን ርዕሶች በአማርኛ አንድ ላይ የያዘ ሌላ ጥራዝ የለም፤ አዘጋጁም እንደለፋበት ያስታውቃል። ስሕተቶቹ ግን ተራ የፊደል ግድፈቶች አይደሉም። አንዳንዶቹ ተማሪውን ፈተና ላይ ከመጣል አልፈው ስለ ጎረቤቱ የተሳሳተ ነገር ይዞ እንዲወጣ ያደርጋሉ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከገጽ 31 እስከ 38 ገልጣችሁ እዩ። ጥራዙ የሚባዛው ከዋናው ሳይሆን ከኮፒ ኮፒ ነው፤ እነዚህ ገጾች ደግሞ ግራጫ መደብ ያላቸው ሰንጠረዦችና ሥዕሎች ስላሉባቸው፣ ቶነሩ ሊያልቅ በተቃረበ ማሽን ሲባዙ ጭረት ብቻ ይሆናሉ። ጠዋት ቶነር እንደተቀየረ የወጣ ቅጂ ይነበባል። በአንዳንዱ ቅጂ ገጽ 52 ተዘቅዝቆ የተጠረዘ ሲሆን ገጽ 53 ጨርሶ የለም፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ያለው የስትራስቡርግ አይሁድ ታሪክ የሚያልቀው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ሌላው የድሬ ሙቀት ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ፀሐይ ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ ከዋለ የመጀመሪያውን ገጽ ቀለም ልጦ ይወስዳል፤ በሽፋኑና በገጽ 1 መካከል ባዶ ወረቀት እንዲያስገቡላችሁ ጠይቁ፤ ሳይጨምሩ ያደርጉታል።

ወደ ይዘቱ እንግባ። ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ሀንድአውቱ ሪኢንካርኔሽን የሚባለውን በአንድ ገጽ «ትንሣኤ»፣ በሌላው «ዳግም ልደት»፣ በሦስተኛው «የነፍስ ፍልሰት» ይለዋል። ሦስቱም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሌላ ነገር ናቸው። ትንሣኤ ሲባል ያው ሰው፣ አንድ ጊዜ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ሞቶ፣ ለፍርድ መነሣቱ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያምነው ይህን ነው፤ ሞቶ በሌላ አካል መወለድን ግን ሁለቱም አይቀበሉትም። «ዳግም ልደት» ለኦርቶዶክሱ ጥምቀትን፣ ለፕሮቴስታንቱ ጌታን መቀበልን ያስታውሳል። «ፍልሰት» ደግሞ ለሂንዱው ሊሆን ይችላል፤ ለቡድሂስቱ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል። በየገጹ «ዳግም ውልደት» ወይም «ተመልሶ መወለድ» ብላችሁ አስተካክሉ። የእስልምና ሊቃውንት በዐረብኛ ተናሱኽ የሚሉት ይህንኑ ነውና፣ ሐረር ላይ ቁርኣን የቀሩ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ይህን ቃል መጥቀስ ግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ይቆጥባል።

ከዚህ የባሰው ገጽ 19 ላይ ነው። የእምነቱን መሥራች «ቡዳ»፣ ተከታዮቹን «ቡዳዎች» እያለ ይጽፋል። በአማርኛ ቡዳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። «ቡዳዎች ሥጋ መብላትን ይጠየፋሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ተማሪ ምን ይዞ እንደሚወጣ ማሰብ ነው። ስሙ «ቡድሃ» ተብሎ ይጻፍ፤ ትርጉሙ «የነቃ» ማለት ሲሆን ለሲድሃርታ ጋውታማ የተሰጠ ማዕረግ ነው። ተከታዩ «ቡድሂስት» ይሁን። በነገራችን ላይ ሥጋን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገርም ስሕተት ነው፤ በስሪላንካ፣ በታይላንድና በቲቤት ያሉ ብዙ ቡድሂስቶች ሥጋ ይበላሉ።

የሁለተኛው ምዕራፍ ትልቁ ጉድለት አንባቢው ይዞት የሚመጣውን ሥዕል አለማወቁ ነው። እዚህ አገር ስለ ዳግም ውልደት የሚታወቀው በብዛት ከሂንዲ ፊልም ነው፦ ጀግናው በሴራ ይገደላል፣ በሌላ እናት ማህፀን ተፀንሶ ይወለዳል፣ አድጎ የድሮውን ያስታውሳል፣ ገዳዩን ይበቀላል። ሀንድአውቱ ገጽ 22 ላይ የሰጠው ምሳሌ ይህንኑ የሚመስል ነው። ትምህርቱ ግን በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ያለፈውን ሕይወት ማስታወስ ልዩ ነገር እንጂ ደንብ አይደለም፤ ተራው ሰው አያስታውስም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ተመልሶ መምጣት ሽልማት አይደለም። ሂንዱው ሞክሻ፣ ቡድሂስቱ ኒርቫና የሚለው ግብ ከዚህ ሳምሳራ ከተባለ የመወለድና የመሞት ዑደት ጨርሶ መውጣት ነው። ማምለጥ የሚፈለግበትን ነገር እንደ ተስፋ አድርጎ ማስተማር ምዕራፉን ከሥሩ ያጣምመዋል። ከገጹ አናት ላይ «ግቡ መመለስ ሳይሆን አለመመለስ ነው» ብላችሁ ጻፉ።

ካርማን «ዕጣ ፈንታ» ብሎ መተርጎሙም እንዲሁ ነው። አማርኛ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል አነጋገር አለው፤ ሰው ሳያውቀው ተጽፎለት የሚኖረው ማለት ነው። ካርማ በሳንስክሪት ቃሉ ራሱ «ሥራ፣ ድርጊት» ነው። ከዕድል ይልቅ «የእጁን አገኘ» ለሚለው አባባል ይቀርባል። ቬዳንታ የተባለው የሂንዱ ፍልስፍና ሊቃውንት ሦስት ዓይነት አድርገው ይከፍሉታል፤ ለገበሬ ልጅ የሚገባ ምሳሌም አላቸው። ሳንቺታ ከብዙ ሕይወት ተጠራቅሞ በጎተራ ያለው እህል ነው። ፕራራብዳ ከጎተራው ለምግብ የወጣው፣ አሁን እየተበላ ያለው ነው። አጋሚ ዛሬ የሚዘራው፣ ነገ የሚታጨደው ነው። ሦስተኛው ስላለ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሀንድአውቱ ሦስቱን ቃላት ገጽ 24 ላይ ያለ ማብራሪያ ደርድሯቸዋል፤ የጎተራውን ምሳሌ ጎናቸው ብትጽፉ ለፈተና ከማንኛውም ትርጓሜ ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ ታሪኩ የጻፈው ደህና ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሰረዝ። «ዳግም ውልደት ከሪግቬዳ ጀምሮ የተጻፈ ነው» ይላል። ሪግቬዳ የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ በጥንታዊዎቹ መዝሙሮቹ ትምህርቱ በግልጽ አይገኝም፤ በጉልህ የሚታየው ኋላ በተጻፉት ኡፓኒሻዶች፣ በተለይ በብሪሃዳራንያካና በቻንዶግያ ነው። ባጋቫድ ጊታ በተባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ቁጥር 22 ላይ ያለው፣ ነፍስ አሮጌ ልብስ አውልቃ አዲስ እንደምትለብስ የሚገልጸው ምሳሌ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ «ፍልሰት»። ለሂንዱው አትማን የሚባል፣ የማይሞት፣ ከአካል ወደ አካል የሚሄድ ማንነት አለ። ቡድሃ ያስተማረው ደግሞ አናታ ነው፦ እንዲህ ያለ ቋሚ ማንነት የለም። ሰው የአምስት ነገሮች ጥርቅም ነው፤ አካል፣ ስሜት፣ ግንዛቤ፣ የሐሳብ ዝንባሌና ንቃት። ታዲያ ነፍስ ከሌለ ምኑ ነው ተመልሶ የሚወለደው? ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው፣ ሀንድአውቱም ሳይመልሰው አልፎታል። የቡድሂስቶች የቆየ መልስ መብራት ነው። ከአንድ ጧፍ ሌላ ጧፍ ቢለኮስ፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተነሥቶ የሄደ ዕቃ የለም፤ ሆኖም ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይበራም። የሚተላለፈው ምክንያትና ውጤት ነው። ገጽ 25 ላይ «የቡድሂስት ነፍስ» የሚለው ሐረግ ሦስት ጊዜ አለ፤ ሦስቱንም ሰርዙ። ፈታኞች የሚወዱት ጥያቄ ይህ ልዩነት ነው፤ ሀንድአውቱን ሸምድዶ የገባ ተማሪም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

49 ቀን የሚለውም መታረም አለበት። አዘጋጁ «ቡድሂስቶች ሁሉ ከሞት በኋላ 49 ቀን በመካከለኛ ሁኔታ ይቆያሉ፣ ይህም የእኛን የ40 ቀን ተዝካር ይመስላል» ብሏል። ባርዶ የሚባለውን እስከ 49 ቀን የሚደርስ መካከለኛ ጊዜ የሚያስተምሩት ቲቤታውያን ናቸው፤ በምሥራቅ እስያ ያሉ፣ ማሃያና የተባለው የቡድሂዝም ክፍል ተከታዮችም የ49 ቀን ሥርዓት አላቸው። በስሪላንካ፣ በማይንማርና በታይላንድ ያለው ቴራቫዳ የተባለው ክፍል የትምህርት መጻሕፍት ግን ውልደቱ ከሞት ቀጥሎ ወዲያው ነው ይላሉ። ከተዝካር ጋር ያለው ምስስል የቁጥር ብቻ ነው፤ ተዝካር ሟቹ በሌላ ማህፀን እስኪወለድ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም።

ቡድሂስቶች ሳምሳራን የሚያሳዩበት የሕይወት መንኮራኩር ሥዕል ገጽ 33 ላይ ነው፤ በአብዛኛው ቅጂ መሃሉ ጠቁሯል። መሃሉ ላይ ያሉት ሦስት እንስሳት አሳማ፣ አውራ ዶሮና እባብ ናቸው፤ አለማወቅን፣ ስስትንና ጥላቻን ይወክላሉ። በዙሪያው ያሉት ስድስቱ የአማልክት፣ የአሱራዎች (ከአማልክት ጋር የሚጣሉ ኃያላን)፣ የሰዎች፣ የእንስሳት፣ የራብተኛ መናፍስትና የሲኦል ዓለማት ናቸው። በዚህ ሥዕል ሲኦልም ሆነ ሰማይ ዘላለማዊ አይደሉም፤ የሥራው ፍሬ ሲያልቅ ከሁለቱም ይወጣል። ለኛ አገር አንባቢ እንግዳ የሚሆነው ነጥብ ይህ ሆኖ ሳለ ሀንድአውቱ አንድ ቃል አላለበትም።

ገጽ 27 ግን ምስጋና ይገባዋል። ስለ ቲቤት ቡድሂስቶች መሪ ስለ ዳላይ ላማ የተጻፈው ግልጽና ትክክል ነው። 14ኛው ዳላይ ላማ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ፣ በ1937 የሁለት ዓመት ሕፃን ሳሉ የ13ኛው ዳግም ውልደት ተብለው ታወቁ፣ በ1940 መንበሩ ላይ ተቀመጡ። የቻይና መንግሥት በ2007 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለ ዳግም ውልደት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል ማለቱንም ያነሳል፤ እምነቱ ወደ ሥልጣን ጉዳይ እንዴት እንደገባ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዳላይ ላማው በሐምሌ ወር 2025 መንበሩ ከእሳቸው በኋላ እንደሚቀጥል ማስታወቃቸውን ኅዳጉ ላይ ጨምሩ። ገጽ 29 ላይ ያለው «ሳይንስ ዳግም ውልደትን አረጋግጧል» የሚለው ርዕስ ግን ይሰረዝ። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ኢያን ስቲቨንሰን የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም የቀድሞ ሕይወታችንን እናስታውሳለን ያሉ ሕፃናትን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሰብስበዋል። መሰብሰብ ማረጋገጥ አይደለም፤ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች አልተቀበሉትም።

አሁን የጥራዙ ከባድ ስሕተት፣ ሁለቱ ምዕራፎች የሚገናኙበት ቦታ። ገጽ 30 ላይ «በአገራችን ያለ ዳግም ውልደት» በሚል ንዑስ ርዕስ ሥር ቡዳ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚለው እምነት በምሳሌነት ቀርቧል። በሐረር ለጎብኚ የሚታየው የጅብ ማብላት ሥርዓትም ተደርቦበታል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። ዳግም ውልደት ሞትን ይጠይቃል፤ ቡዳ ተለወጠ ሲባል ግን ሰውየው በሕይወት አለ። በሐረር ከጀጎል ቅጥር ውጪ ማታ ማታ ጅብ የሚመገበው ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይገናኝም፤ እዚያ ጅቡ ጂንን ያባርራል ተብሎ የሚታመንለት፣ በዓሹራ ቀን ገንፎ የሚቀርብለት እንግዳ ነው። አስጎብኚዎች ይህን ገጽ ሸምድደው ለጎብኚ ቢናገሩት ከተማይቱን ይበድሏታል።

የቡዳ ወሬ ትክክለኛ ቦታው ሦስተኛው ምዕራፍ ነበር። ማን ነበር ቡዳ የተባለው? ቤተ እስራኤል፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ርስት የማይፈቀድላቸው፣ በዚህም ብረት ቀጥቅጠውና ሸክላ ሠርተው እንዲኖሩ የተገደዱ የአይሁድ እምነት ተከታዮች። ሌሎች ባለ እጆችም እንዲሁ ተብለዋል። ማረሻውን የሚሠራው፣ ጀበናውን የሚያበጀው፣ ያለ እሱ ቤት የማይቆም ሰው ነው ልጅ ሲታመም የሚጠረጠረው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል፤ ስድቡ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ከዚህ ይታያል። ገጽ 30ን በመስቀል ሰርዛችሁ «ወደ ምዕራፍ 3 ይሂድ» በሉት። አናሳን በጥፋት መክሰስ የሩቅ አገር ጉዳይ እንዳልሆነ ተማሪው የሚረዳው በዚህ ነው፤ አዘጋጁ እጁ ላይ የነበረውን ምርጥ ምሳሌ በተሳሳተ መደርደሪያ አስቀምጦታል።

ሦስተኛው ምዕራፍ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ይጀምራል፤ ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን «የመሥዋዕት በግ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሥርዓቱ ላይ ያሉት ሁለት ፍየሎች ናቸው፤ ዕጣ ይወጣባቸዋል። አንዱ ይታረዳል። በሁለተኛው ራስ ላይ አሮን ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝበትና በሕይወቱ ወደ ምድረ በዳ ይለቀቃል። ለማላከክ ምሳሌ የሆነው ይሄኛው፣ የሚባረረው ነው። የመሥዋዕት በግ ንጹሕነቱ ታውቆ ይታረዳል፤ የሚለቀቀው ፍየል የሌላውን ጥፋት ተሸክሞ ይሄዳል። ደግሞም በኦሪቱ ሕዝቡ ኃጢአቱ የራሱ መሆኑን ተናዝዞ ነው የሚጭንበት፤ ሰው በሰው ላይ ሲያላክክ ግን ኑዛዜው የለም። ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የፍየሉ ነበር ይላል። አማርኛ ለዚህ የራሱ አባባል አለው፦ ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ።

ከዚያ በኋላ በሮም እ.ኤ.አ. በ64 የተነሣውንና ኔሮ በክርስቲያኖች ያሳበበውን ቃጠሎ፣ ቀጥሎም ዛሬ በፈረንሳይ የምትገኘውን የስትራስቡርግ ከተማ ያቀርባል። ስትራስቡርግ የጥራዙ ምርጥ ክፍል ነው፣ ገጽ 53 ካለበት ቅጂ ከተገኘ። በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው የወረርሽኝ በሽታ አውሮፓን ሲያጭድ አይሁድ የውኃ ጉድጓድ መርዘዋል ተባለ፤ በሳቮይ በግርፋትና በሥቃይ የወጣ «ኑዛዜ» ከከተማ ወደ ከተማ በደብዳቤ ተሠራጨ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት ስድስተኛ በዚያው ዓመት ባወጡት ደብዳቤ አይሁድም እኩል እየሞቱ መሆኑን፣ አይሁድ በሌሉበት አገርም በሽታው መግባቱን ገልጸው ክሱን ውድቅ አደረጉ። የስትራስቡርግ ምክር ቤትም መጀመሪያ አይሁዱን ሊጠብቅ ሞክሮ ነበር፤ ተገለበጠ። በየካቲት 14 ቀን 1349 የከተማይቱ አይሁድ ተቃጠሉ። በዚያ ቀን ወረርሽኙ ገና ከተማይቱ አልገባም ነበር። ለአይሁድ የነበረው ዕዳ ተሰረዘ፣ ንብረታቸው ተከፋፈለ። የበሽታው ባክቴሪያ የታወቀው በ1894 ነው።

የሎጂክ ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ይህን ታሪክ ከኮርሱ ጋር ያገናኘው። ማላከክ አራት ምልክቶች አሉት፦ መንስኤው የማይታይ ጉዳት አለ፤ የሚከሰሰው ወገን አጸፋ ለመመለስ የሚያንስ፣ ነገር ግን በአምልኮው፣ በምግቡ ወይም በቀብሩ ተለይቶ የሚታወቅ ነው፤ ማስረጃው ወሬ ወይም በግርፋት የወጣ ቃል ነው፤ በመጨረሻ ላይ አንድ የሚጠቀም ሰው አለ። ሀንድአውቱ የመጨረሻውን አልጻፈውም፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። ዕዳው የማን ነበር? ሱቁን ማን ወረሰ?

የምዕራፉ ትልቅ ክፍተት ምሳሌዎቹ በሙሉ ከአውሮፓ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ እስያን አስተምሮ፣ ሦስተኛው እስያን ረስቷል። ተማሪው «ሂንዱና ቡድሂስት ዝንብ አይገድልም» በሚል ግምት ይወጣል። ሦስት ነገር ጨምሩበት። ማይንማር በ1982 ያወጣችው የዜግነት ሕግ ሙስሊም ሮሂንጋዎችን አገር አልባ አድርጎ ነበር፤ ከነሐሴ 25 ቀን 2017 በኋላ ከ700,000 በላይ የሚሆኑት ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ፤ ጥላቻ ከሰበኩባቸው መካከል የቡድሂስት መነኮሳት ነበሩ። ሕንድ ውስጥ በመጋቢት 2020 ዴልሂ ላይ ተሰብስበው የነበሩ የተብሊግ ጀማዓ (የሙስሊም ሰባኪዎች እንቅስቃሴ) አባላት ኮሮናን ሆን ብለው አሠራጩ ተባሉ፤ በነሐሴ ወር የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአውራንጋባድ ችሎት በውጭ አገር ዜጎች ላይ የነበረውን ክስ ሲሰርዝ፣ ወረርሽኝ ሲመጣ መንግሥት የሚያላክክበት ይፈልጋል ብሎ በግልጽ ጽፏል። ስሪላንካ ደግሞ በዚያው ዓመት በኮሮና የሞተ ሙስሊም ጭምር እንዲቃጠል አስገድዳለች፤ የተሰጠው ምክንያት ሬሳው ቢቀበር የከርሰ ምድር ውኃ ይበክላል የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መቅበር ይቻላል እያለ ትእዛዙ እስከ የካቲት 2021 ቆየ። 1348 ላይ ጉድጓድ፣ 2020 ላይ የከርሰ ምድር ውኃ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የጻፈ ተማሪ ምዕራፉን ገባው ማለት ነው።

ሁለቱን ምዕራፎች አንድ የሚያደርግ ጥያቄም ከዚህ ይወጣል፤ ጥራዙ ግን አንድም ቦታ አላነሳውም። የካርማ ትምህርት እያንዳንዱ የገዛ ሥራውን ፍሬ ይበላል ካለ፣ የራሱን መከራ በጎረቤቱ ላይ የሚጭን ቡድሂስት የሚቃረነው ከራሱ ትምህርት ጋር ነው። በሌላ በኩል ያው ትምህርት ሲጣመም ተጎጂውን ይመታል፦ «በዝቅተኛ ዘር የተወለደው ባለፈው ሕይወቱ በሠራው ነው፣ ይቻለው» ይባላል። የሕንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አምበድካር ይህን በገዛ ሕይወታቸው አይተውታል። በጥቅምት 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ በመቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ዳሊቶች (በዘር ሥርዓቱ ከሁሉ በታች ከተደረጉ ሰዎች) ጋር ቡድሂዝምን ሲቀበሉ፣ ድህነትን በቀድሞ ሕይወት ጥፋት የሚያብራራውን ትርጓሜ ትተው ነው። አንድ እምነት ለማላከክም ላለማላከክም ሊያገለግል እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ የፈተና ድርሰት ርዕስ የለም፤ ሀንድአውቱ ውስጥ አምበድካር ስማቸው እንኳ የለም።

ገጽ 61 ላይ «ወደ ድሬዳዋና ሐረር የመጡ ሕንዶች ሂንዱዎች ነበሩ» ይላል። ባንያን የሚባሉት ሂንዱ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ታላቁ የሕንድ ንግድ ቤት የነበረው መሐመድ አሊ ቦህራ የሚባሉ የሕንድ ሙስሊሞች ነበር፤ ጣሊያን በ1937 እ.ኤ.አ. ከአገር ያስወጣው ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ካስተማሩት ሕንዶች መካከልም ብዙዎቹ የኬራላ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሐረር ላይ ራምቦ ቤት የሚባለውን ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራውን ቤት የሚያስጎበኝ ሰው፣ የእንጨት ሥራውን እያሳየ ስለ ዳግም ውልደት ለመተረክ ከመቸኮሉ በፊት ይህን ይወቅ። ሰውን ከመልኩ ተነሥቶ ሃይማኖት መስጠት የማላከክ የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ገጽ 66 ላይ ያለውን የቡድን ሥራ ፈጽሞ አትሥሩት። «ከመካከላችሁ አንድ ተማሪ ምረጡ፣ ቡድኑ በአንድ ጥፋት ይክሰሰው፣ ስሜቱን ይግለጽ» ይላል። ክፍሉ ሁልጊዜ የሚመርጠው በእውነትም ብቻውን የሆነውን ነው፤ ጨዋታው አርባ ደቂቃ ነው፣ ስሙ ግን እስከ ምረቃ ይከተለዋል። በምትኩ አምስት አምስት ሆናችሁ የስትራስቡርግን ታሪክ በአራት ዓምድ አስቀምጡ፦ የደረሰው ጉዳት፣ የቀረበው ማስረጃና እንዴት እንደተገኘ፣ ጉዳቱ ከክሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የተጠቀመው ማን ነው። ለመሙላት 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ብዙ ቡድን ይሳሳታል፣ ወረርሽኙ ቀድሞ የገባ ስለሚመስላቸው። ከዚያ የስሪላንካውን በዚያው ሰንጠረዥ ሙሉ። በወቅቱ በከተማው የሚናፈስ ትኩስ ወሬ ግን አታቅርቡ፤ ወሬው የሚነካው ሰው ዘመድ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ መምህሩም ክርክሩን ማቆም ያቅተዋል።

ለአንትሮፖሎጂ ፈተና ብቻ የሚፈልገው ተማሪ 74ቱን ገጽ መግዛት የለበትም። ከ19 እስከ 36 እና ከ45 እስከ 58 ያሉትን 32 ገጾች ብቻ አውጡልኝ ቢል ግማሽ ዋጋ አይሞላም። አስጎብኚ ግን ሙሉውን ይግዛ፣ ገጽ 30ንና 61ን አርሞ። የስቴፕለሩን ቅጂ አልመክርም፤ ኅዳጉ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ እርማት የሚጻፍበት ቦታ አይተርፍም። የስፓይራሉ ግራ ኅዳግ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ አለው፤ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ እዚያ ይገባል።